የሥነ ሕንፃ ክበብ ዘገባ፦ አንድ ፊት፣ ሠላሳ ጀርባ

ክበባችን ዘንድሮ በእንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ የሚገኘውን የሮያል ክሬሰንት ሞዴል ሠርቷል። ባዝ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በስደት የኖሩባት ከተማ ናት። ሕንፃው ትንሹ ጆን ውድ የነደፈው፣ እ.ኤ.አ. ከ1767 እስከ 1774 የተሠራ፣ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የተያያዙ 30 ቤቶች ነው። ቤት ገዢዎቹ ከፊቱ ግድግዳ ድርሻቸውን እየገዙ፣ ከኋላው ያለውን ቤት በየራሳቸው ባለሙያ አሠርተዋል። ስለዚህ ከሜዳው በኩል አንድ ቤተ መንግሥት ይመስላል፤ ከጀርባ ግን የአንዱ መስኮት ከሌላው አይገጥምም። ከሁሉ የሚደንቀው ይህ ስለሆነ ጀርባውን ለአባላቱ ፈቃድ ትተን፣ ፊቱን በጥብቅ ልኬት ሠራን።

ልኬቱ 1 ለ 200 ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀጥታ 150 ሜትር ያህል የሆነው ሕንፃ 75 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ኮምፔንሳቶ ላይ ተሰመረ። ቅርጹ የሞላላ ግማሽ ስለሆነ በኮምፓስ አይወጣም፤ ሁለት ምስማርና ሲባጎ ያስፈልጋል። የስፌት ክር ሲወጠር ስለሚሳብ መስመሩን ያዛንፋል።

ብዙ ካርቶን ያባከነው የቤቶቹ ቅርጽ ነው። መጀመሪያ ሁሉም አራት ማዕዘን ሳጥን ተደርገው ተቆረጡ፤ ፊታቸው ሲገጥም ጀርባቸው ተከፈተ። ግድግዳው ወደ ውስጥ የጎበጠ በመሆኑ እያንዳንዱ ቤት ከፊት ጠበብ፣ ከኋላ ሰፋ ማለት አለበት። ሞላላው ወደ ጫፎቹ አጥብቆ ስለሚታጠፍ ደግሞ የዳር ቤቶች ከመሃሎቹ ይበልጥ ይሰፋሉ። አንድ ናሙና ለ30ው አያገለግልም፤ ከሥዕሉ ላይ አንድ በአንድ ይለካል። የፊቱ ካርቶን የውስጥ መስመሮች ቁልቁል ይሁኑ፤ አግድም ከሆኑ ሲታጠፍ ይሰበራል።

114ቱ አዮኒክ (በጥንት ግሪክ ስልት የተሠሩ፣ ራሳቸው ላይ ጥቅልል ጌጥ ያላቸው) ዓምዶች ያለጌጥ ከቀረው ምድር ቤት በላይ ተነሥተው ሁለት ፎቅ ያቋርጣሉ። ውፍረታቸው 76 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 4 ሚሊ ሜትር የቀርከሃ የጥብስ እንጨት ተስማማ። የአዮኒክ ዓምድ ቁመት የውፍረቱ 9 እጥፍ ገደማ ነው፤ በዚህ ስሌት እያንዳንዱ 3.4 ሳንቲ ሜትር ተቆረጠ። ከ30 ሳንቲ ሜትር እንጨት 8 ይወጣል፤ 15 እንጨት በቂ ቢመስልም ቀርከሃ ስለሚሰነጠቅ 20 ይገዛ። ምላጩን ዙሪያውን አዙሮ ከዚያ መስበር ይሻላል። ዓምዶቹ በከፊል ግድግዳው ውስጥ የገቡ ስለሆኑ አንድ ጎናቸው በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ይለጠፋል።

ሲለጠፉ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ መለካት ክፉ ስህተት ነው፤ በየዓምዱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ መጨረሻው ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ያልፋል። መሃል ላይ ያሉት ጥንድ ዓምዶች ቀድመው ይተከሉ፤ ከዚያ ወደ ግራና ቀኝ ይኬዳል።

ሞዴሉ ቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ላይ ነው። ጀርባውም እንዲታይ ከግድግዳው 1 ሜትር ርቆ ተቀምጧል።