እንግዳ ተብሎ ዓመት መክረም

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በቅርቡ በጉዞ ዓምዳችሁ፣ በሞቃታማ ደሴቶች ላይ በሚገኙ ርካሽ ሆቴሎች ወራትን ስለሚያሳልፉ ሰዎች የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩ። ጸሐፊው ስለ ባሕሩ፣ ስለ ነፋሱና በወር ስለሚከፈለው አነስተኛ ኪራይ ያነሳው ሁሉ ስሕተት ነው አልልም። ይሁን እንጂ በእንዲህ ያለ ሆቴል አሥራ ዘጠኝ ወር የኖርኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ጽሑፉ ዋናውን ነገር አልፎታል ብዬ አምናለሁ። ይኸውም በአንድ ክፍል ውስጥ ወራትን የሚያስቆጥር ሰው ኑሮው የነዋሪ ሆኖ ሳለ በመዝገብ ላይ የሚሰፍረው እንግዳ ተብሎ መሆኑ፣ ክፉ ቀን ሲመጣም ይህች አንዲት ቃል ከባድ ዋጋ የምታስከፍለው መሆኗ ነው።

በእነዚህ ሆቴሎች የሚኖሩት ኮምፒውተር አንግበው ዓለምን የሚዞሩ ወጣቶች ብቻ አይደሉም። እኔ በነበርኩበት ሕንፃ ለግንባታ ሥራ የመጡ ቴክኒሻኖች፣ በጡረታ አበል የሚተዳደሩ አንድ አዛውንት፣ እንዲሁም ትዳራቸው ፈርሶ ከልጃቸው ጋር በአንዲት ክፍል የሚኖሩ እናት ነበሩ። ሁላችንንም ወደዚያ ያመጣን ምክንያት ተመሳሳይ ነው። ቤት ለመከራየት የብዙ ወራት ቅድሚያ ክፍያ፣ ዋስና የቤት ዕቃ ያስፈልጋል፤ አልጋ ለመያዝ ግን መታወቂያ አሳይቶ የመጀመሪያውን ሳምንት መክፈል ይበቃል። መሬት ጠባብ በሆነባትና ቱሪስት በሚበዛባት ደሴት ደግሞ ባለቤቶች ቤታቸውን ለነዋሪ በወር ከመስጠት ለጎብኚ በቀን ማከራየት ስለሚያዋጣቸው፣ ኪራይ ቤት እያለ የሌለ ያህል ነው።

በአሥረኛው ወሬ፣ ዝናቡ አባርቶ ጎብኚ መጉረፍ በሚጀምርበት ሰሞን፣ ሥራ አስኪያጁ በሬን አንኳኩቶ ክፍሉ ከዓርብ ጀምሮ ለሌላ ሰው መያዙን ነገረኝ። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲነግረኝም አንገቱን ደፍቶ ነበር። በወር እንደምከፍልና የወሩ ሒሳብ ገና እንዳላለቀ ባስረዳው፣ ደረሰኞቼን እንዳመጣ ጠየቀኝ። አሥሩንም ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። በእያንዳንዳቸው ላይ የተጻፈው «የአዳር ክፍያ» የሚል ነበር። እኔ የወር ኪራይ ስከፍል የኖርኩ ሲመስለኝ፣ በሆቴሉ ሒሳብ ግን ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ የተነጣጠሉ ሌሊቶችን አድሬ ነበር። ፎቁን የምታጸዳው እህት መጻሕፍቴንና የክረምት ልብሴን በሁለት ካርቶን አስራ፣ ከአንሶላ መደርደሪያው ሥር እስክመለስ ድረስ አስቀመጠችልኝ። ከዚያ ሕንፃ ውስጥ እንደ ነዋሪ የቆጠረችኝ እሷ ብቻ ነበረች ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ጉዳዩ ከአንድ ሥራ አስኪያጅ ባሕርይ የሰፋ ነው። በሃዋይ ደሴቶች የአከራይና ተከራይ ሕግ፣ በሆቴል ውስጥ ቀን በቀን የሚደረግ ጊዜያዊ ቆይታን ከሽፋኑ ውጭ ያደርጋል፤ የግብር ሕጉ ደግሞ በተከታታይ ከ180 ቀናት በታች የሚሰጥን ማረፊያ የጊዜያዊ አዳሪ ማረፊያ አድርጎ ይቆጥረዋል። የፊሊፒንስ መንግሥት የቦራካይን ደሴት ለማጽዳት ሲል እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2018 መጨረሻ ጀምሮ ለስድስት ወራት ለጎብኚዎች ዘግቷት ነበር፤ በዚያ ወቅት ወደ ደሴቲቱ ለመግባት ነዋሪነትን የሚያስረዳ መታወቂያ ይጠየቅ ነበር። የአዳር ደረሰኝ ብቻ በኪሱ የያዘ ሰው በእንዲህ ያለ በር ላይ ምን ብሎ ይቆማል? እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 በሃዋይዋ የማዊ ደሴት የላሃይና ከተማ በእሳት ስትጋይ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ቤታቸውን ያጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ለወራት በሆቴሎች ኖሩ። ለእነርሱ የተሰጣቸው መኝታ ከእኔ የተሻለ ነበር፤ ሆኖም ከአንዱ ሆቴል ወደ ሌላው በተደጋጋሚ ሲዛወሩ፣ ምግብ የሚያበስሉበት ቦታ አጥተው ሲቸገሩና ነገ የት እንደሚያድሩ ሳያውቁ ሲያመሹ ማንበቤ ያን የማክሰኞ ቀን አስታውሶኛል።

ከሕጉ ሌላ ሕንፃውም ራሱ የሚሠራው ለሚሄድ ሰው ነው። ይህን አራት ሌሊት የሚያድር ጎብኚ ሊያውቀው አይችልም። በዝቅተኛ የኮራል ደሴቶች ላይ የሚጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ፣ ከሥሩ ባለው የጨው ውኃ ላይ እንደ ቀጭን ሌንስ ተንሳፍፎ የተቀመጠ ነው። ጨው የሌለበት የዚህ ውኃ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ አንድ ሜትር ከፍ ሲል፣ ከጠለሉ በታች እስከ 40 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ በተገላቢጦሹም ከላይ ትንሽ ከጎደለ ከታች ብዙ ይታጣል። ጎብኚ በሚበዛበት ደረቅ ወቅት ሁሉም ሆቴል ከዚያው ጉድጓድ ሲስብ ጨዉ ወደ ላይ ይወጣል። በክፍሌ ውስጥ ይህ የሚታወቀኝ በሳሙናው ነበር፤ እጄ ላይ ባሸው ባሸው አረፋ አይወጣውም፤ ፎጣዬም ከታጠበ በኋላ እንደ ካርቶን ይደርቃል። ከዚያ ቀጥሎ ውኃው ራሱ መቋረጥ ይጀምራል።

እርጥበቱስ? ጨው፣ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ከአየር ውኃ እየሳበ ይሟሟል፤ በባሕር ዳርም በተለይ ሌሊት እርጥበቱ ከዚያ በላይ የሚሆንባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ስለዚህ ከባሕር የሚነፍሰው ነፋስ በግድግዳ፣ በቁልፍና በኤሌክትሪክ ሶኬት ላይ የሚተወው ስስ የጨው ሽፋን ሳይደርቅ ያድራል። የሻንጣዬ ቁልፍ በሦስተኛው ወር ዝጎ አልከፈት አለኝ። ለሥራ የማደርገው የቆዳ ጫማ አልጋ ሥር ሁለት ሳምንት ቢቀመጥ አረንጓዴ ሻጋታ ለበሰ። የአየር ማቀዝቀዣው (ኤሲው) የሚሠራው የክፍሉ ቁልፍ ግድግዳው ላይ ሲሰካ ብቻ በመሆኑ፣ እኔ ሥራ ውዬ እስክመለስ ክፍሉ በሙቅና እርጥብ አየር ይሞላል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ያ እርጥበት በግድግዳው ላይ ላብ ሆኖ ይወርዳል። ባልንጀራዬ የነበሩት አዛውንት ሌሊቱን በሳል ሲያሳልፉ በግድግዳው በኩል እሰማቸው ነበር። ፍራሻቸውን ገልብጠን ስናይ የታችኛው ገጽ በሻጋታ ጠቁሮ ነበር። እርሳቸው በዚያ ፍራሽ ላይ ከሁለት ዓመት በላይ ተኝተዋል፤ የሚቀየረው ግን እንግዳ ቅሬታ ሲያቀርብ ነው፤ እርሳቸው ደግሞ ቅሬታ ካቀረቡ ክፍሉን እንዳያጡ ይፈሩ ነበር። ይህን ስጽፍ አሁንም ያመኛል።

ትንኝም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የዴንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈው ትንኝ በአብዛኛው የምትናደፈው በቀን ነው፤ እንቁላሏንም የምትጥለው ረጋ ባለ ውኃ መያዣ ውስጥ ስለሆነ፣ ሌሊት ብቻ የሚዘረጋ አጎበር አይበቃም። ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ያለው ዕድገት በሞቃት አየር ከሳምንት ብዙም አይርቅም። ውኃ በተቋረጠ ቁጥር ባልዲ ሞልተን መታጠቢያ ክፍል ውስጥ የምናስቀምጠው እኛ ከራሚዎቹ ነበርን፤ ጎብኚው ባልዲ አያስፈልገውም። ባልዲው መከደን ወይም በየሳምንቱ ተደፍቶ መታጠብ እንዳለበት የነገረን ግን አልነበረም። የእናትየው ልጅ በዴንጊ ታሞ ሆስፒታል ከገባ በኋላ ነው ሁላችንም ክዳን የገዛነው።

ከዝግጅት ክፍሉ የምጠይቀው ርካሽ የደሴት ሆቴልን እንድትነቅፉ አይደለም። እኔም ሌላ አማራጭ ባልነበረኝ ጊዜ ጣሪያ ሆኖኛል፤ የጽዳት ሠራተኞቹና የማታ ዘበኛው ያደረጉልኝንም አልረሳም። የምጠይቀው በሚቀጥለው ጊዜ ይህን ርእስ ስታነሡ በጉዞ ዓምድ ብቻ ሳይሆን በመኖሪያ ቤት ጉዳይም እንድትመለከቱት፣ ለመሄድ የሚያስቡ አንባቢዎቻችሁንም በዝናቡና በደረቁ ወቅት ውኃው ከየት እንደሚመጣ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ በደረሰኙ ላይ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ እንዲጠይቁ እንድትመክሩ ነው። ስለ መብራት ያነሣሁት ያለምክንያት አይደለም፤ ዛንዚባር ከታንዛኒያ ዋና ምድር የሚመጣላት ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ2008 ለአንድ ወር ያህል፣ ከ2009 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ለሦስት ወራት ያህል ተቋርጦባት ነበር።

የቀሩትን ዘጠኝ ወራት የኖርኩት እዚያው ደሴት ላይ በሌላ ሆቴል ነው። ባለቤቷን ከመግባቴ በፊት ውል እንድትጽፍልኝ ስጠይቃት መጀመሪያ ግራ ገባት፤ ቀጥላ ከሒሳብ ደብተሯ ግማሽ ገጽ ቀድዳ በእጇ ጻፈችው። የወሩ ክፍያ ስንት እንደሆነ፣ ክፍሉን ከመልቀቄ በፊት የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጠኝ፣ ፍራሹ በየስድስት ወሩ ፀሐይ ላይ እንደሚወጣና እንደሚመረመር፣ በደብዳቤዎቼ ላይ የሆቴሉን አድራሻ መጠቀም እንደምችል የሚሉ አራት መስመሮች ነበሩ። ሁለታችንም ፈረምን። ጎብኚ በሚበዛበት ወቅት ሦስት ሰዎች ያንን ክፍል ፈልገው ሲመጡ ወረቀቱን ከመሳቢያዋ አውጥታ አሳየቻቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ