ኪቦርዱን አትንኪባቸው

ደሴ፣ ሰኔ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንዴት ነሽ እናቴ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን አልፎ አልፎ ያማታል እንጂ ሌላ ችግር የለም።

አዲስኮደር፣ ያ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ የሚያስተምረው የክረምት ፕሮግራም፣ ለረዳት አስተማሪነት ተቀበለኝ ያልሽኝ ዕለት መስመሩ እየተቆራረጠ በቅጡ አላወራንም። ደስታውም አፌን ያዘው። ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ልጄ ለማስተማር ወደ አገሯ ስትመጣ ዝም ብዬ ልቀበላት አልችልም። ስለዚህ ይህን ጻፍኩልሽ። ረዘም ይላል፤ አውሮፕላን ውስጥ አንብቢው።

ስለ ፕሮግራሙ ካነበብኩት ሁሉ ልቤን የነካው ጅማሬው ነው። ጄላኒ ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጀምሩት ገና አሜሪካ፣ ኤምአይቲ በተባለው ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን እየጨረሱ ነበር። ዛሬ እዚያው አሜሪካ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ናቸው፤ እናታቸውም ኢትዮጵያዊት ናቸው። ያኔ ግን አሁን አንቺ ካለሽበት ደረጃ ብዙም የራቁ አልነበሩም። ፕሮፌሰርነቱ እስኪመጣ አልጠበቁም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሰብስበው፣ ኮድ ጽፎ የማያውቅን ልጅ ፓይተን ከሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ፊደል አስጀምረው በአራት ሳምንት ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ አልጎሪዝም (ችግርን ደረጃ በደረጃ የመፍቻ ዘዴ) ድረስ ማድረስ ይቻላል ብለው ተነሱ። ተቻለም። እኔ በዚህ ዓይነቱ ድፍረት አምናለሁ።

አራት ሳምንት ግን በጣም አጭር ነው። ሌክቸር የሚሰጠው ሰው አዳራሽ ሙሉ ልጅ ነው የሚያየው። እያንዳንዱ ልጅ የት ላይ እንደቆመ የምታዪው አንቺ ነሽ፤ ስክሪኑ አጠገብ ያለሽው አንቺ ስለሆንሽ። ሌክቸሩ አልቆ ላብ ሲገቡ ቀሪው ሥራ በሙሉ የረዳቶቹ ነው። ጎበዝ ሌክቸር የሰማ ልጅ ነገሩ የገባው ይመስለዋል። እንዳልገባው የሚያውቀው ራሱ ልሥራ ሲል ነው። ያን ሰዓት ማን አጠገቡ እንዳለ ትልቅ ነገር ነው።

በቴሌግራም የላክሽልኝን የፊቦናቺ ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ቁጥር ከፊቱ ያሉት የሁለቱ ድምር የሆነበትን የቁጥር ተርታ፣ ወረቀት ላይ ቁጭ ብዬ ሠራሁት። እያሰብኩት የነበረው ግን ስለ ልጆቹ ነው። አንዱን ልጅ አስቢው። መልሱን ለማግኘት ራሱን መልሶ የሚጠራ ፋንክሽን (ቁጥር ሲሰጡት አስልቶ የሚመልስ የኮድ ቁራጭ) ጽፏል። አምስት ሲያስገባ አምስት ይወጣለታል። አሥር ሲያስገባ ሃምሳ አምስት። ደስ ብሎት አርባ ያስገባል። ኮምፒዩተሩ ጸጥ ይላል። ልጁ መጀመሪያ ስክሪኑን ያያል፣ ቀጥሎ ዞር ብሎ ጎረቤቱን፣ ከዚያ አንቺን። ዕቃ ያበላሸ ነው የሚመስለው።

አንቺ መልሱን ታውቂዋለሽ። በትከሻው ላይ ጎንበስ ብለሽ፣ የተሰላውን ውጤት የሚያስቀምጥ ሁለት መስመር ጨምረሽ «ይኸው» ልትዪው ትችያለሽ። መልሱ ብልጭ ይላል። ልጁም ያመሰግንሻል። ግን ምን ተማረ? አንቺ ጎበዝ መሆንሽን ብቻ።

እባክሽ ኪቦርዱን አትንኪባቸው። እስክሪብቶና ወረቀት ስጪው። «አምስትን ለማወቅ ማንን ጠራህ? አራትንና ሦስትን። አራትስ ማንን ጠራ?» እያልሽ ቅርንጫፉን ራሱ ይሣለው። ሲጨርስ ሦስት ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ደግሞ ሦስት ጊዜ እንደተሰላ ያየዋል። ያን ጊዜ «ይሄማ አንዱን ነገር ደጋግሞ እየሠራ ነው!» የሚለው እሱ ነው። ይህን ቃል ከአፉ አትንጠቂው። ከዚያ በኋላ ለአርባ ስንት ጥሪ እንደሚያስፈልግ ንገሪው። እኔ በእጄ አስልቼዋለሁ፤ ቀጣዩን የፊቦናቺ ቁጥር በሁለት አባዝቶ አንድ መቀነስ ነው። 331,160,281 ጥሪ ይሆናል። ውጤቱን እያስቀመጠ ከሄደ ግን 79 ይበቃዋል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጻፋቸውና ይያቸው። ይህን ያየ ልጅ መቼም አይረሳውም። እኔ ራሴ በዚህ ዕድሜዬ ሳየው ከወንበሬ ተነሥቻለሁ።

ይህ ጊዜ ይወስዳል። ሃያ ደቂቃም ሊሆን ይችላል። ከጀርባሽ ሌሎች እጃቸውን አውጥተው ይጠብቁሻል። ይጨንቃል፣ አውቃለሁ። ግን አሥር ልጅ ላይ ሁለት ሁለት ደቂቃ ከመበተን፣ አንዱን በደንብ አስረድተሽ ጎረቤቱን እንዲያግዝ ብትልኪው ይሻላል። ያስረዳ ልጅ ከተረዳው ይልቅ ይጠቀማል። ይህን ክፍል ውስጥ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ሌላ ደግሞ የአገርሽን ክፍል ታውቂዋለሽ። አስተማሪ ሲገባ ብድግ ይባላል። «ገባችሁ?» ሲባል ሁሉም በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። ግማሹ አልገባውም። ሌላው ሲል ሰምቶ ነው የሚለው። ስለዚህ ይህን ጥያቄ ጨርሶ ተዪው። በእሱ ፈንታ ኮዱን ከማስኬዳቸው በፊት «ይህ መስመር ምን የሚያወጣ ይመስላችኋል?» ብለሽ በየደብተራቸው አስጽፊ። ከዚያ ይሂድ። የገመቱትና የወጣው ሲለያይ ትምህርቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ጠይቀሽም ዝም በዪ። ዝምታው ያስፈራል፤ አንቺ ግን አትሙዪው። የሚያስብ ልጅ ጸጥታ ያስፈልገዋል።

ስህተትን በጣም ይፈራሉ። አይፈረድባቸውም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ልጆቹ የሚያድጉት ይህን ወሬ እየሰሙ ነው። አንድ ስህተት ዕድሜ ልክ የሚያስከፍል ነው የሚመስላቸው። ፕሮግራሚንግ ውስጥ ግን ስህተት የዕለት ሥራ ነው፤ ጎበዙም ሰው ሲሳሳት ይውላል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ያ የስህተት መልእክት፣ ቀይ ጽሑፍ ሲመጣ አብረሻቸው ተረጋጊ። «መጨረሻውን መስመር አንብብልኝ፤ ፓይተን ምን ይላል?» በዪ። ብዙውን ጊዜ መልሱ እዚያው ተጽፏል። የማታውቂው ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ «አላውቅም፣ አብረን እንይ» በዪ። ከውጭ የመጣች የዶክትሬት ተማሪ እንዲህ ስትል መስማት ለእነሱ ነፃነት ነው።

ቋንቋውን አስቢበት። ከአሜሪካና ከሌላም አገር የሚመጡት ባልደረቦችሽ አማርኛ ላይችሉ ይችላሉ። አንቺ ስለምትችዪ አማርኛ ተናጋሪዎቹ ሁሉ አንቺ ጋ ይሰበሰባሉ። ደስ ይላል። ግን ከጅግጅጋ ወይም ከነቀምት የመጣችው ልጅ አማርኛው ባይቀናትስ? በእንግሊዝኛው ቀስ ብለሽ፣ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር፣ በሥዕል አስረጂ። ለብቻ የተቸገረውን በአማርኛ ብታግዢው ነውር የለውም። ለቡድኑ የምትናገሪውን ግን ሁሉም ሊሰማው ይገባል።

ሴቶቹንም አደራ። ሁለት ሁለት ሆነው ሲሠሩ ኪቦርዱ ወንዱ እጅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ልጅቷ ጎን ተቀምጣ ትጽፋለች፣ አንዳንዴ ከሱ ቀድማ መልሱን ታውቃለች፣ ግን ጣቷ ቁልፉን አይነካም። እየዞርሽ አቀያይሪያቸው። በየሃያ ደቂቃው ይሁን። ይህን ደንብ ከመጀመሪያው ቀን ካላወጣሽው በኋላ አይያዝም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የአንደኛዎቹ ነገር ነው። ወደዚያ የሚመጡት ከየትምህርት ቤታቸው ደረጃ የሚይዙ ልጆች ናቸው። ካርዳቸው ላይ ከ1ኛ ሌላ ቁጥር አይተው የማያውቁ አሉ። በጥቂት ቀን ውስጥ ከጎናቸው የተቀመጠው ፈጥኖ ሲጨርስ ያያሉ። አንዳንዱ ያን ቀን ዝም ይላል። መጠየቅ ያቆማል። «አሞኛል» ብሎ የሚቀርም አለ። አንቺ ራስሽ ዩኒቨርሲቲ የገባሽ ዓመት እንዴት እንዳለቀስሽ ታስታውሻለሽ አይደል? ለዚህ ነው ካንቺ የተሻለ ሰው የማይገኝለት። ፕሮፌሰሩ አለማወቅ እንዴት እንደነበረ ከረሳው ቆይቷል። አንቺ ግን ገና ትናንት ነው። ስለዚህ የሚጮኸውንና የሚሮጠውን ብቻ አትከተዪ። ዝም ያለውን ፈልጊ። ምሳ ሰዓት አጠገቡ ተቀመጪ። ስለ ኮድ አታውሪው፤ ስለ አገሩ ጠይቂው።

ስለ ራስሽም ትንሽ ልበል። እዚያ አሜሪካ ቲኤ (ረዳት አስተማሪ) ስትሆኚ በሳምንት ሃያ ሰዓት ተብሎ እንደሚቆጠርልሽ ነግረሽኛል። ክረምት ላይ ይህን ቆጠራ እርሺው። ቀን ከልጆቹ ጋር ትውያለሽ፣ ማታ ደግሞ የነገውን ጥያቄ ቀድመሽ መሥራት አለብሽ። ቀድመሽ ካልሠራሽው የት እንደሚያደናቅፍ አታውቂም። ለአማካሪሽ ከመነሣትሽ በፊት እቅጩን ንገሪው። «ማታ ማታ የዶክትሬት ጽሑፌን እጨርሳለሁ» ብለሽ ቃል አትግቢ፤ አይሆንልሽም። ተኚ። እንቅልፍ ያጣ አስተማሪ ይቆጣል፣ የተቆጡት ልጅ ደግሞ ሁለተኛ አይጠይቅም።

መጨረሻው ሳምንት ላይ ከበው «ውጭ አገር እንዴት ነው የሚኬደው?» ይሉሻል። እውነቱን ንገሪያቸው። ስኮላርሺፕ እንዳለ፣ ፉክክሩም ከባድ እንደሆነ፣ ብዙ ጎበዝ ልጅ እንደማያገኝ። እዚሁ ተምሮም ጥሩ መሐንዲስ መሆን እንደሚቻል። የድጋፍ ደብዳቤ ጻፊልኝ የሚልሽም አይጠፋም። ስለዚህ በየማታው ስለ ልጆቹ አንድ አንድ መስመር በማስታወሻ ያዢ። «ጎበዝ ነው» የሚል ደብዳቤ ማንንም አይጠቅምም። «ቅርንጫፉን ሥሎ ስህተቱን ራሱ አገኘው» የሚል ግን ይጠቅማል።

ጃኬት ያዢ፤ የአዲስ አበባን ሐምሌ ረስተሽው ይሆናል። መብራት ሲጠፋ የምትጠቀሚበት ጠመኔና ሰሌዳ መኖሩንም አስቀድመሽ አረጋግጪ። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ደሴ ሳትደርሺ እንዳትበሪ። እናትሽ በርበሬና ሽሮ ከአሁኑ ማዘጋጀት ጀምራለች፤ ሻንጣሽ ውስጥ ቦታ ተዪ።

አባትሽ