«ቢሻን» ሲሉ የሚሰማቸው ሰው አለ ወይ?

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

«ወላጁን መጦሪያ የሚያስገባ ልጅ፣ ልጅ አይባልም» የሚል የአንባቢ ደብዳቤ በጋዜጣችሁ ላይ አነበብኩ። የጸሐፊው ቁጭት ይገባኛል። ከሁለት ዓመት በፊት እኔም እንዲሁ እል ነበር። ዛሬ ግን ያሳደጉኝ አክስቴ ያሉት መጦሪያ ነው፤ ያስገባኋቸውም እኔ ነኝ። ነውር ነው አይደለም የሚለውን ለሌላ ቀን ልተወውና ቦታ ስመርጥ የሠራሁትን ስህተት ልጻፍ፤ በእኛ ቤት የደረሰው በሌላው እንዳይደርስ።

አክስቴ 84 ዓመታቸው ነው። የሊሙ ሰው ናቸው። ተድረው ጅማ ከገቡ ወዲህ በጅማው መርካቶ ቡና ሲቸረችሩ አማርኛውን ለምደው እንደ አፍ መፍቻቸው ያወሩት ነበር። እናታችን ስታርፍ እኛን ሦስቱን ወስደው ያሳደጉን እሳቸው ናቸው። አንድ የክረምት ሌሊት ለሱብሂ ሶላት ሊታጠቡ፣ ውዱእ ሊያደርጉ፣ ወደ ጓሮ ሲወጡ ጭቃው አንሸራተታቸውና የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ብቻቸውን መቆም አልቻሉም። ቆይቶ መርሳቱ መጣ፤ መርሳቱ ደግሞ አስቀድሞ የወሰደው አማርኛውን ነው። የቀራቸው የልጅነታቸው ኦሮምኛ ብቻ ሆነ።

እኔ እዚሁ ጅማ፣ ጊንጆ በኪራይ ቤት ነው የምኖረው፣ ቀኑን ሙሉ ስፌት ላይ ነኝ። ሠራተኛ ቀጠርን፤ በአራት ወር ሦስት ተቀያየሩ። አልፈርድባቸውም፤ ስብራት ያለበትን ሰው አንስቶ ማጠብ ለአንዲት ልጅ የሚቻል ሥራ አይደለም። ሪያድ ያለችው እህቴና አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ «ገንዘቡን እኛ፣ ቦታውን አንቺ» አሉኝ።

የመረጥኩት አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ ቦታ ነበር። ስሙን አልጠራም። ግቢው አበባ ነው፣ ወለሉ ያብረቀርቃል፣ እንግዳ መቀበያው ላይ የጅማ በርጩማ ተደርድሮ ሳይ ሆዴ ራራ። ዳሌው የተሰበረ ሰው እንደዚያ ዝቅ ካለ መቀመጫ ላይ እንደማይነሳ ልብ አላልኩም። አሁን አንድ ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው የወንበሩን ከፍታ ነው፣ ከዚያ ሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ መያዣ ብረት መኖሩን።

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ተሰልፌ፣ ጊቤን ተሻግሬ፣ እዚያ ስደርስ ቀኑ አልቋል። ወንድሜም ሥራው ስለማያፈናፍነው የሚጠይቃቸው እሁድ እሁድ፣ ያውም አስቀድሞ ደውሎ ነበር። ተደውሎ ሲኬድ ደግሞ ሁሉም ሰው ታጥቦ፣ ንጹሕ ለብሶ ይጠብቃል።

በሦስተኛው ወር ሄድኩ። ጋቢያቸውን ገለጥ ባደርግ ተረከዛቸው ጠቁሯል፣ ከወገባቸው በታች የአልጋ ቁስል አፉን ከፍቷል፣ ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። «ሌሊት ሌሊት ቢሻን፣ ቢሻን ይላሉ። የሰው ስም መስሎኝ ነበር» አለችኝ አስታማሚዋ። ቢሻን ውሃ ነው። ልጅቷ ክፉ አልነበረችም፤ ስነግራት አብራኝ አለቀሰች። ኦሮምኛ አታውቅም፣ በዚያ ፎቅ ከሚያድሩት የሚያውቅም አልነበረም። ያሳደጉኝ ሴት ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ሲለምኑ ኖረዋል፤ ለጥማቸው ይሁን ለውዱእ አላህ ይወቀው።

ቁስሉን ያየው ሐኪም አልጋ የያዘ ሰው ቢያንስ በየ2 ሰዓቱ መገላበጥ አለበት አለኝ። በዚያ ምሽት በአእምሮዬ ቆጠርኩት። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 5 ጊዜ ነው። በአክስቴ ፎቅ ከአልጋ የማይነሱ 8 ሰዎች ነበሩ፤ ስለዚህ በአንድ ሌሊት 40 ጊዜ ማገላበጥ ማለት ነው። የተሰበረን ሰው ሳያሳምሙ ለማዞር ሁለት ሰው ይፈልጋል። የምታድረው ግን ያቺው አንዲት ልጅ ነበረች። ይህን ስመርጥ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ የጠየቅሁት የወር ክፍያውን፣ የምግቡን ዓይነትና ቴሌቪዥን መኖሩን ነው።

ቁስሉ ሲሻለው ወደ ጅማ መለስኳቸውና እንደገና ፍለጋ ገባሁ። አሁን ያሉበት ቤት አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ ፈቃድ አውጥተው በግቢያቸው የከፈቱት ነው። ጣሪያው አሮጌ ቆርቆሮ፣ ግቢው ጠባብ ነው፤ ፎቶ ተነስቶ ለዘመድ የሚላክ ነገር የለውም። ሦስት ጊዜ ሳልናገር ሄድኩ፤ አንዴ በምሳ ሰዓት፣ አንዴ በማለዳ፣ አንዴ ደግሞ ዝናብ እየወረደ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ በባጃጅ። የማታው ነው ልቤን ያሳረፈው። በሩን ሁለት ሴቶች ከፈቱልኝ፣ ሁለቱም ነቅተው ነበር። መብራቱ ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት በርቷል፣ አጎበሩ ተዘርግቷል፣ የሽንት ሽታ የለም። በየአልጋው ራስጌ አንድ ኩባያ ውሃ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ማን በስንት ሰዓት እንደተገላበጠ የሚጻፍበት ደብተር ተሰቅሏል። አንደኛዋ ለአንድ ሽማግሌ መድኃኒት እየሰጠች በኦሮምኛ ታባብላቸው ነበር። ውሃ ቢጠፋስ ብዬ ስጠይቅ የሮቶውን ክዳን ከፍተው አሳዩኝ።

አክስቴን «አኮ» ይሏቸዋል፣ አያቴ ማለት ነው። ከሱብሂ በፊት ጆግና ማስታጠቢያ አልጋቸው ድረስ ይመጣል። የሶላቱን ቃል ብዙውን ረስተውታል፣ እጃቸው ግን ውሃውን ሲያገኝ የሚያደርገውን ያውቃል። ከሰዓት በኋላ ቡና ይፈላል፤ እኔም ከስፌት ስወጣ በእግሬ ደርሼ ሁለተኛውን አብሬያቸው እጠጣለሁ። አንዳንድ ቀን ያውቁኛል።

እዚህ ላይ ለከተማችን አስተዳደር አንድ ጥያቄ አለኝ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። ሁሉም ነገር ነገ ይሟላ አልልም። ግን ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል እያንዳንዱ መጦሪያ በሩ ላይ ሦስት ቁጥር እንዲለጥፍ ቢያስገድድስ? ስንት አረጋውያን አሉ፣ ከእነሱ ስንቱ አልጋ የያዙ ናቸው፣ ሌሊት ስንት አስታማሚ ያድራል። ማንበብ የሚችል ሰው ሁሉ በር ላይ ቆሞ ማስላት ይችላል። ቁጥጥሩም ሌሊት ይሁን። ዝግጅት ክፍሉ ይህን ለሚመለከታቸው አቅርቦ መልሱን ቢያወጣልን ውለታው ትልቅ ነው።

ውጭ አገር ሆናችሁ ገንዘብ ለምትልኩም አንድ ነገር ልበል። የላካችሁት ገንዘብ ወላጃችሁን በአካል ሄዶ የሚያይ ዘመድ ካልቀረበላቸው አይደርሳቸውም። ሳይጠራ መድረስ የሚችል ሰው ያለበትን ከተማ ምረጡ።

እህቴ ድሮ ከሪያድ ስትደውል ግቢውን አሳዪኝ ትለኝ ነበር፤ ስልኩን ይዤ አበባ ለአበባ አዞራት ነበር። አሁን አርብ አርብ ስትደውል አክስቴን ሰላም ትልና «ጋቢውን ግለጪልኝ፣ ተረከዛቸውን ልየው» ትላለች።

አንዲት አንባቢያችሁ
ከጅማ፣ ጊንጆ