«የለም» እና «ይፃረራል» አንድ አይደሉም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ ስለ ተዝካር ባወጣችሁት ጽሑፍ «ኢ-መጽሐፍ ቅዱሳዊ» እና «ፀረ-መጽሐፍ ቅዱስ» የሚሉት ቃላት አንዱ በሌላው ቦታ እየገባ አንብቤ፣ ዕድሜዬን አማርኛ ሳስተምር የኖርኩ ሰው በመሆኔ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

በግእዝ «ኢ» አፍራሽ ናት፤ «ኢአማኒ» የማያምን ነው እንጂ አማኙን የሚዋጋ አይደለም። «ፀር» ግን ጠላት ማለት ስለሆነ፣ «ፀረ-መጽሐፍ ቅዱስ» የሚባለው መጽሐፉ አድርግ ያለውን አታድርግ፣ አታድርግ ያለውን አድርግ የሚል ነገር ብቻ ሊሆን ይገባል። መደባለቁ ከየት እንደመጣ አልጠፋኝም፤ የሕግ ሰዎች «ኢ-ሕገ መንግሥታዊ» ሲሉ ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ማለታቸው በመሆኑ፣ የሃይማኖት ጸሐፊዎችም በዚያው ፈሊጥ እየሄዱ በመጽሐፉ ያልተጠቀሰውን ሁሉ መጽሐፉን የሚፃረር ያደርጉታል።

ባለፈው ወር እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር በአንድ ለቅሶ ቤት ያጋጠመኝም ይኸው ነው። አንድ ወጣት ተዝካር ፀረ-መጽሐፍ ቅዱስ መሆኑን ሲያስረዳ፣ አጠገቡ የተቀመጡ እናት ሲኒያቸውን አስቀምጠው «ምን ማለት ነው ልጄ?» አሉት። «መጽሐፉ ላይ የለም ማለት ነው፣ እማማ» አላቸው። ቀና ብለው ሸራውን አዩና «የእድራችን ድንኳንስ የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው ያለው?» ቢሉት፣ ልጁ ራሱ ሳቀ።

ከዚህ የሚከብደው ግን «መጽሐፉ» የተባለው የቱ እንደሆነ ነው። በዚያ ድንኳን ኦርቶዶክሱ፣ ካቶሊኩና ፕሮቴስታንቱ ከሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ጋር ተቀላቅለው ተቀምጠዋል፤ የኦርቶዶክሱ መጽሐፍ ቅዱስ 81፣ የካቶሊኩ 73፣ የፕሮቴስታንቱ 66 መጻሕፍት አሉት። መጽሐፈ ጦቢት በምዕራፍ 4 ቁጥር 17 እንጀራን በጻድቃን መቃብር ላይ ስለማድረግ ይናገራል። ጦቢትን ለሚቀበሉት ለሁለቱ ተዝካር ቢያንስ ጥቅስ ሊጠቀስለት የሚችል ጉዳይ ሲሆን፣ 66ቱን ብቻ ለያዘው ግን ይህ ጥቅስ የለም። እሱም ቢሆን «የለም» ሊል ይችላል እንጂ «ይፃረራል» ለማለት ሌላ ጥቅስ ማምጣት አለበት።

«መናፍቅ» የሚለውን ቃል ደግሞ በዚሁ ጽሑፍ ሥር ባታስገቡት በወደድኩ። ሥሩ ከ«መንፈቅ» ጋር አንድ ነው፤ መንፈቀ ሌሊት ሌሊቱ ለሁለት የሚከፈልበት እንደሆነ ሁሉ፣ መናፍቅም ልቡ ለሁለት የተከፈለ፣ ግማሹን ይዞ ግማሹን የተወ ሰው ነው። ስለዚህ ቃሉ የሰው ስም ነው፤ ስለ አንድ ልማድ በሚደረግ ክርክር መካከል ሲወረወር የሚያርፈው በልማዱ ላይ ሳይሆን በጎረቤት ላይ ነው።

ወደፊት ጸሐፊዎቻችሁ አንድን ነገር «ፀረ-መጽሐፍ ቅዱስ» ሲሉ የሚፃረረውን ምዕራፍና ቁጥር፣ ከየትኛው ቀኖና (ከየትኛው የቅዱሳት መጻሕፍት ዝርዝር) እንደወሰዱትም ጭምር እንዲጽፉ፣ ጥቅስ ከሌላቸው ደግሞ «በመጽሐፍ ቅዱስ አልተጠቀሰም» እንዲሉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር
ከድሬዳዋ