የዘር ሐረጉን ለምታሰባስቡ አባላት

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

የላካችሁት ደርሶናል፤ እናመሰግናለን። ግን አብዛኛው የአባት ወገን ብቻ ነው። እናቶቻችንን የት ጣላችኋቸው?

በጎጃምና በጎንደር ርስት በእናትም በአባትም ይወረስ ነበር። ርስት ይገባኛል የሚል ሰው በሴት አያቶቹም በኩል አድርጎ እስከ መጀመሪያው የመሬቱ ባለቤት ድረስ መቁጠር ነበረበት። አዛውንቶቻችን ዘር ሲቆጥሩ የማይደናቀፉት ለዚህ ነው፤ መሬት ያስገኝ ነበራ! የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ይህ ጥቅም ቀረ። ከዚያ በፊት ያደጉትን አሁኑኑ ጠይቁልን።

ጎንደር አካባቢ የድሮ የመሬት ሽያጭ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። ሻጭና ገዢ ሴቶችም አሉበት። ቅድመ አያታችሁ ባለ መሬት ሆና ብትገኝ አትደነቁ። በዓለም ስሟ ካጣችኋት በክርስትና ስሟ ፈልጉ።

ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ ወይም በባርነት የኖረ ሰው ሲገኝ «ይሄ ይቅር» የሚሉ ዘመዶች አይጠፉም። እኔ ምንም አይፋቅ ባይ ነኝ። ቅር የሚለው ካለ በሚቀጥለው ስብሰባ እንነጋገርበት።

መጻፍ የከበዳችሁ በስልክ ድምፅ ቀድታችሁ ላኩ።