ይድረስ ለወንድም ዓለም

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ የጦሳ ብርድ ጉልበቴን ከመያዙ በቀር ደህና ነኝ። ጡረታ ወጥቼ ደሴ ከገባሁ ወዲህ እንኳ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ሳልጠይቅህ ዓመት አለፈ። ሥራዬ ያየሁትን ለአለቃ እንጂ ለወዳጅ እንዳልጽፍ አስለምዶኝ ነበርና ብዕሬ ቶሎ አልተፈታም፤ ይቅር በለኝ።

ልጅህ መኮንን ሆኖ በጎረቤት አገሮች ጉዳይ መሥራት እንደሚሻ መልእክት ልከህልኛል። ሰው ይህን ሙያ ሲሰማ ወታደራዊ አታሼንና የኤምባሲ ግብዣን ያስባል። እኔን ያስተማረኝ ግን ሱዳንና ደቡብ ሱዳን የሚወዛገቡበት የድንበር አካባቢ፣ አብዬ ነው። የጸጥታው ምክር ቤት ሰኔ 20 ቀን 2003 ዓ.ም. እስከ 4,200 የሚደርስ ሰላም አስከባሪ ወታደር ወደዚያ እንዲገባ ሲፈቅድ፣ በመጀመሪያ የዘመተው ኃይል ከሞላ ጎደል የእኛ ነበር፤ ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን ያወጀችው ከዚያ በ12ኛው ቀን ነው።

በበጋ የሚሴሪያ አረቦች ውኃና ሣር ፍለጋ ከብታቸውን እየነዱ ወደ ንጎክ ዲንካዎች አገር ይወርዳሉ። ወንዙን እነርሱ ባሕር አል-አረብ፣ ዲንካዎቹ ኪር ይሉታል። አንድ ቀን ዛፍ ሥር ተቀምጠን ስለ ከብቶቹ መተላለፊያ ስንነጋገር፣ አንደበቴ የለመደው የአረብኛው ስም በአንድ የዲንካ ሽማግሌ ፊት አመለጠኝ። ሽማግሌው ወደ አፋቸው ያስጠጉትን የሻይ ብርጭቆ ሳይቀምሱ መሬት አስቀመጡት፤ ያን ቀን ሌላ ቃል አልተነፈሱም። ዳግም አብረውኝ እንዲቀመጡ ለማግባባት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲያ እኔም «ወንዙ» ብቻ እል ጀመር።

አሜሪካኖች ለዚህ ሙያ የሚያዘጋጁትን መኮንን አረብኛ ብቻ 64 ሳምንት ያስተምሩታል፤ ከዚያም በሚሠራበት አካባቢ እንዲኖር ይልኩታል። ቋንቋው ሲገባው ዝምታውም ይገባዋል ብለው ይሆን? ልጅህ ይህን ሁሉ ሲማር፣ ጦር የሚመሩ እኩዮቹ በማዕረግ ሊቀድሙት እንደሚችሉ አትደብቀው፤ እኔን ቆርቁሮኛል።

ከመመዝገቡ በፊት አንድ ሰኞ ባቲ ገበያ አብረን እንውረድ። የአፋሩ ግመል ሻጭና የደጋው እህል ነጋዴ በየትኛው ቋንቋ እንደሚከራከሩ፣ ማን ማንን ቀድሞ ሰላም እንደሚል አይቶ ይንገረኝ። ኮምቦልቻ መናኸሪያ በማለዳ እጠብቀዋለሁ፤ አንተም ብትመጣ ቡናው በእኔ ነው።

ያንተው ወንድም፣ ከደሴ