ለግብርና ሚኒስቴር፦ የእንስሳት ክሊኒክን በር የምትከፍተው ረዳቷ ናት

ይድረስ ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ግብርና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በግል ክሊኒኮች የሚሠሩ የእንስሳት ጤና ረዳቶችን የሥራ ድርሻ በጽሑፍ ስለመወሰን

ክቡር ሚኒስትር፣

በቢሾፍቱ ከተማ አነስተኛ የግል ክሊኒክ ያለኝ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ክሊኒኩን ስከፍት ሐሳቤ ቀላል ነበር። ከተማው ዙሪያውን ላም አርቢ ነው፣ ሐኪም አለ፣ መድኃኒት አለ፣ ሰው ይመጣል አልኩ። አልመጣም። የሚመጣውም ነገር ካለቀ በኋላ ነው፤ ላሟ ከወደቀች ሦስት ቀን ሆኗት፣ ከገበያ የተገዛ መርፌ ሁለት ሦስት ጊዜ ተወግታ፣ ጎረቤት ሁሉ መክሮ ዘክሮ ተስፋ ሲቆረጥ ነበር ስልኬ የሚጮኸው። እንዲህ ያለች ላም ስትሞት ደግሞ ስሙ የሚነሳው በመጨረሻ የነካት ሐኪም ነው። በመጀመሪያው ዓመት የክሊኒኩን ኪራይ የከፈልኩት ከባለቤቴ ደመወዝ ላይ ነው።

ዛሬ ክሊኒኩ በእግሩ ቆሟል፤ ያቆመችው ረዳቴ ናት። ከግብርና ኮሌጅ በእንስሳት ጤና ተመርቃ፣ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ፈተናዋን አልፋ የመጣች ወጣት ናት። ሌላ አገር እንዲህ ያለውን ባለሙያ የእንስሳት ነርስ ይሉታል፤ እኛ ዘንድ የእንስሳት ጤና ረዳት ነው ስሙ። እኔ የቀጠርኳት እንስሳ እንድትይዝልኝና መርፌ እንድታቀብለኝ ነበር። እሷ ግን በሁለተኛው ወር አንድ ጥቁር ደብተር ገዝታ መጣች።

ደብተሩን አሁን ፊቴ ዘርግቼ ነው የምጽፍልዎት። በየገጹ የላሟ ስም፣ የባለቤቷ ስልክ፣ የተዳቀለችበት ቀን፣ ቀጥሎ የምትታይበት ቀን አለ። አንዱ መስመር እንዲህ ይላል፦ «ቦቄ፤ ጥቅምት 12 ተዳቀለች፤ ኅዳር 3 ይጠየቅ።» ላም ካልያዘች በ21 ቀኗ ገደማ ተመልሳ ኮርማ ትፈልጋለች። ኅዳር 3 ቀን ጠዋት ረዳቴ ትደውላለች፤ «እትዬ፣ ቦቄ ሌሊቱን ጮኸች? ሌሎቹ ላይ ትወጣለች?» ብላ ትጠይቃለች። ቦቄ ኮርማ ከፈለገች አዳቃዩ በዚያው ቀን ይጠራል። ካልፈለገች በሦስተኛው ወር እኔ ሄጄ መያዟን በእጄ አረጋግጣለሁ። ከያዘች ደግሞ መንጠፍ፣ ማለትም መታለብ ማቆም፣ ያለባት ቀን፣ ከመውለዷ ሁለት ወር በፊት፣ ደብተሩ ላይ ይሰፍራል። በዚያም ቀን ይደወላል። ከአንዲት ላም በዓመት አንዴ እጠራ የነበርኩት ሐኪም አሁን አራትና አምስት ጊዜ እሄዳለሁ፤ ባለቤቷም የከፈለችኝን ከወተቱ መልሳ ታገኘዋለች። አንድ የኮርማ ጊዜ ባለፋት ቁጥር ሦስት ሳምንት ሙሉ መኖ በባዶ እንደምትቀልብ እሷ ከእኔ በላይ ታውቃለች።

አንድ ቀን አብሬያት ሄጄ ያየሁትን ልንገርዎት። አንዲት እናት በጓሯቸው አራት ድቅል ዝርያ ያላቸው ላሞች አሏቸው። ረዳቴ አራት ጎድጓዳ ቦታ ያለውን ነጭ ገበታ ይዛ ከላሟ ሥር በርከክ አለች። ከየጡቱ ትንሽ ትንሽ ወተት አለበች፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን መመርመሪያ ፈሳሽ ጨመረችበት፣ ገበታውን ቀስ አድርጋ አዟዟረች። ሦስቱ ቀጭን እንደሆኑ ቀሩ፤ አራተኛው እንደ ተልባ ተያያዘ። የላሟ ግት አላበጠም፣ ወተቷም ለዓይን ነጭ ነው። «እዩት እማማ፣ ይኼኛው ጡት ታሟል፤ ለዚህ ነው ወተቷ የቀነሰብዎት» አለቻቸው፣ በኦሮምኛ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ከአንዴም ሁለቴ በአማርኛ የነገርኳቸው ነገር ነበር፤ ያን ዕለት ግን በዓይናቸው አዩት። እጅ መታጠብ፣ ጡቱን በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ፣ የታመመችውን ላም መጨረሻ ላይ ማለብ፤ ሁሉንም እዚያው ከልጃቸው ጋር አለማመደቻቸው። ለምርመራው ያስከፈልናቸው የሁለት ሊትር ወተት ዋጋ ነው። በማግስቱ የእሳቸው ጎረቤቶች የሆኑ ሦስት ሴቶች ደወሉ።

የደብተሩ ብልሃት ለውሻም ይሠራል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየዓመቱ መደገም አለበት፤ ሰው ግን ይረሳል። ረዳቴ ታስታውሳለች፣ ትደውላለች፣ ይመጣሉ።

ክቡር ሚኒስትር፣ የግል ሐኪምን ገበያ የሚሻማው ሌላ ሐኪም አይደለም። በገበያ ቀን ማዳበሪያ ከረጢት መሬት ላይ አንጥፎ፣ ፀሐይ ላይ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን ፀረ ተዋሲያን መድኃኒት የሚሸጠው ሰው ነው። ሕዝቡ እሱ ዘንድ የሚሄደው ሐኪም ንቆ አይደለም። ሰውየው ቅርብ ነው፣ ያዋራቸዋል፣ «ላምህ እንዴት ሆነች?» ይላል። እኔ ጋ ያለው ነጭ ጋወንና የምዝገባ ካርድ ነው። ረዳቴ ያንን ቅርበት ወደ ክሊኒኩ አመጣችው፤ ከመርፌው በኋላ ወተቱ ለስንት ቀን እንደማይሸጥም የምትነግር እሷ ናት። የገበያው ሻጭ ይህን አይናገርም።

አሁን ወደ ችግሩ ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተቆጣጣሪ መጣና «ይህች ልጅ ቦርሳ ይዛ ቤት ለቤት የምትዞረው በየትኛው ፈቃድ ነው?» አለኝ። የማሳየው ወረቀት አልነበረኝም። ፈቃዴ የእኔን ዲግሪ ይጠቅሳል፣ የክፍሎቹን ስፋትና የማቀዝቀዣውን መኖር ይጠቅሳል፤ ስለ ረዳት አንድ መስመር የለበትም። እስኪጣራ ድረስ አትውጣ ተባለ። ስድስት ሳምንት ቢሮ ተቀመጠች። ከደብተሩ ውስጥ የእነዚያ ሳምንታት ገጾች ባዶ ናቸው። ከላይ የነገርኩዎት እናት ጎረቤት የሆነች አንዲት ሴት በዚያው ጊዜ የላሟ ጡት ሲያብጥ ከገበያ መርፌ ገዝታ ወጋች፤ እኔ ስጠራ ያ ጡት ደርቆ ነበር፣ እስከ ዛሬም ወተት አልሰጠም። ቆይቶ ሌላ ተቆጣጣሪ መጥቶ «ችግር የለውም፣ ትሥራ» አለ፤ በቃል። ሁለቱንም አልወቅስም፤ እነሱም ገልጠው የሚያዩት የተጻፈ ነገር አልነበራቸውም። ግን የእኔ ቤትና የእሷ እንጀራ በአንድ ሰው ቃል ላይ ተንጠልጥለው ነው ያሉት።

በብሪታንያ የእንስሳት ነርሶች ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ1961 ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ1966 በወጣው የእንስሳት ሐኪሞች ሕጋቸው ላይ ዛሬ የተመዘገበች ነርስ በሐኪም ትእዛዝ ምን ዓይነት ሕክምና ልትሰጥ እንደምትችል፣ የት ላይ ማቆም እንዳለባትም ተጽፏል፤ ወደ ሆድ ዕቃ የሚገባ ቀዶ ሕክምና ለሐኪሙ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ያለውን፣ ክብደት መከታተሉን፣ ጥርስ ማየቱን፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቁስል መጠበቁን፣ ነርሶቹ በራሳቸው ቀጠሮ ያከናውኑታል። እኛም ከባሕር ማዶ ሳንሄድ ምስክር አለን። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ በአፋር ደስታ የተባለውን ከብት ፈጅ ወረርሽኝ ያሳደደው ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ተሸክመው ከመንጋው ጋር የተጓዙት ከአርብቶ አደሩ መሀል የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ዓለም በ2003 ዓ.ም. ከደስታ ነጻ መሆኗ ሲታወጅ የእነሱ እግር አቧራ እዚያ ውስጥ ነበረበት። ሐኪሞች ብቻችንን አንደርስም። በ2013 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የአገራችን የቀንድ ከብት 70 ሚሊዮን ገደማ ነበር። እኔ ያለሁባት ከተማ የአገሪቱ የእንስሳት ክትባት የሚመረትባት፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለባት ናት፤ እዚህም እንኳ በር የሚያንኳኳ ሰው ሲጠፋ ላም ሳትከተብ ትሞታለች።

የምለምነው ይህን ነው። ሚኒስቴሩ ከክልል ቢሮዎች ጋር ሆኖ የእንስሳት ጤና ረዳት በግል ክሊኒክ ውስጥ ምን እንደምትሠራ በአንድ መመሪያ ይጻፍልን፦ በሐኪሙ ኃላፊነት ወጥታ ክትባት መስጠት፣ ጡት መመርመር፣ ቁስል ማጠብ፣ ቀጠሮ መያዝ፣ ማስተማር። የማትሠራውም ይጻፍ፤ ፀረ ተዋሲያን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትስጥ፣ ቀዶ ሕክምና አታድርግ። ሐኪሙም ለምትሠራው ስሙን ይፈርም፤ እኔ ዛሬውኑ እፈርማለሁ። ለመንግሥት ሠራተኞች የሚሰጠው የሥራ ላይ ሥልጠና ለግል ክሊኒክ ረዳቶችም ክፍት ይሁን፤ ከእሷ በፊት የነበሩኝ ሁለት ጎበዝ ረዳቶች ጥለውኝ የሄዱት ሥልጠናና የደረጃ ዕድገት ፍለጋ ነው። በክትባት ዘመቻ ጊዜም እኛን በውል አሠሩን፤ እያንዳንዱን ቤት በስም የምታውቅ ሰው አለችን። እንደ አላጌ ያሉ የግብርና ኮሌጆችም ተማሪዎቻቸውን መዝገብ አያያዝና ከደንበኛ ጋር መነጋገርን እንደ አንድ ትምህርት ቢያስተምሯቸው፣ ረዳቴ በራሷ ብልሃት ያገኘችውን ሌሎች ከትምህርት ቤት ይዘውት ይወጣሉ።

ረዳቴ ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ቤት ለቤት ትዞራለች። ከሚኒስቴሩ አንድ ባለሙያ ቢልኩልን አብሯት ይዙር፣ ደብተሩንም ገጽ በገጽ ይይ። ፎቶ ኮፒውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ፤ የደንበኞችን ስልክ ሸፍኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በቢሾፍቱ የግል ክሊኒክ ባለቤት የሆነ የእንስሳት ሐኪም